በገዢውና በጤፋችን መካከል ያሉ ኬላዎች

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





 

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ፒያሳ ነው። ሞፈር ጨብጬ አላውቅም። ሥራዬ ሱቆች በስልክና በኮምፒውተር አማካይነት የሚሸጡበትን መንገድ ማዘጋጀት ነው። የዩኒየኑ አመራር ከጥቂት ጊዜ በፊት ጠርቶኝ፣ «ለአዲስ አበባ ሸማች በኢንተርኔት ጤፍ፣ ሽምብራና ማር መሸጥ ጀምረናል። ገጹን የሚያየው ሰው ብዙ ነው፤ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን አይተህ ንገረን» አለኝ። ያየሁትን ዛሬ በእናንተው ፊት እናገራለሁ። የበዓል ቀን ስለሆነ ምስጋና ብቻ ማቅረብ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን መጋዘን ውስጥ የቆመው ጤፍ የእናንተ ላብ ስለሆነ እውነቱን መናገር ይሻላል ብያለሁ።

የጎረቤቴ ጤፍ

በፒያሳ ሳለን ግድግዳ የምንጋራ አንዲት እናት ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለልማት ሲፈርስ ሁላችንም ተነሣን፤ እሳቸውም በከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ቢሆንም በየወሩ በ23 የሚጠጡትን የጊዮርጊስ ማኅበር አልተዉም። ተራቸው በደረሰ ጊዜ ጤፍ ፈለጉ። ልጠይቃቸው ሄጄ ስለነበር፣ «እትዬ፣ ከገበሬው ማኅበር በቀጥታ ልግዛልዎት» ብዬ በስልኬ የዩኒየኑን ገጽ ከፈትኩ።

ጤፉን በፎቶ አዩት፤ ወደዱት። ዋጋውም ሰፈር ካለው ዝቅ ያለ ነበር። «ይኸውማ የባለቤቱ የራሱ ነው፤ ተባረኩ» አሉ። እኔም «ግዛ» የሚለውን ነካሁ። መከራችን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ተመዝገቡ ተባልን። ስማቸውን በአማርኛ ስጽፍ ገጹ አልቀበልም አለ፤ በላቲን ፊደል ጻፍኩት። የቤተሰብ ስም ጠየቀ፤ እትዬም «የአባቴን ነው ወይስ የባለቤቴን?» አሉኝ። ኢሜይል ጠየቀ፤ የላቸውም፤ የራሴን ሰጠሁ። የይለፍ ቃል አውጡ፣ ቁጥርም ምልክትም ይኑረው አለ። በኢሜይል የተላከውን ቁጥር መልሳችሁ ጻፉ አለ። ቀጥሎ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ጠየቀ። ይህን ሁሉ ከሞላን በኋላ የማጓጓዣውን ዋጋ ገና ያን ጊዜ ነገረን። በመጨረሻም የባንክ ሒሳብ ቁጥር አሳየንና፣ ገንዘቡን አስገብታችሁ የደረሰኙን ፎቶ ላኩ፤ በሥራ ሰዓት አረጋግጠን እንደውላለን አለ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሰዓቱም መሽቷል።

እትዬ ሁሉን በትዕግሥት ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጤፍ ነው የምገዛው ወይስ ፓስፖርት የማወጣው?» አሉኝ። ስልካቸውን አነሡና ፒያሳ በነበሩ ጊዜ ደንበኛቸው ለነበረ ባለሱቅ ደወሉ። ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ማኅበሬ ደርሷል፤ እንደ ሁልጊዜው ላክልኝ።» በማግስቱ ጠዋት ጤፉ ደረሰ። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ባለሱቁም ሌላ ቦታ ገብቷል፤ የስልክ ቁጥሩ ግን አልፈረሰም።

ከእናንተ ጤፍ የበለጠ ዋጋ ከፍለው፣ ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ጤፍ ገዙ። ዩኒየኑ በጥራትም በዋጋም አሸንፎ በመንገድ ርዝመት ተሸነፈ ማለት ነው።

ኬላን የሚያውቅ ሰው

በዚህ አዳራሽ ያሉ አባቶችና እናቶች ኬላ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በደርግ ዘመን ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ያስገባ ነበር፤ እህልም ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ሲጓጓዝ በየኬላው ይያዝ ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ሲለውጥ ኮታውና የእህል ዝውውር ክልከላው ተነሣ። መሬቱ ያው ነበር፤ ዝናቡም ያው ነበር፤ ኬላው ሲነሣ ግን እህሉ ገበያ ወዳለበት መንቀሳቀስ ጀመረ።

እኔ እንደገባኝ በኢንተርኔት ሱቃችን ላይ ያለው እያንዳንዱ አላስፈላጊ ጥያቄ አንድ ኬላ ነው። ድሮ የሚያዘው እህሉ ነበር፤ አሁን የሚያዘው ገዢው ነው። ልዩነቱ ባለእህሉ ገበሬ ኬላ ላይ ቢንገላታም ምርጫ ስላልነበረው ይቆም የነበረ መሆኑ ነው። ገዢው ግን አይቆምም፤ አይከራከርምም፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። መሄዱንም ማንም አያይም።

ስለ ምርጫ ካነሣሁ አይቀር፣ የአራዳ ልጆች ሌላም ትዝታ አለን። በዚያው ዘመን በየቀበሌው የኅብረት ሱቅ ነበር። ስኳርና ሳሙና በካርድ ይታደል ነበር፤ ሰዉም ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል። ሰልፉ ረጅም የነበረው ሱቁ ተወዳጅ ስለሆነ አልነበረም፤ ሌላ ሱቅ ስላልነበረ እንጂ። ሕዝቡ ይታገሣል ብሎ ማሰብ ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ ነው። የዛሬ ሸማች የሰፈር ሱቅ፣ የእሁድ ገበያ፣ የሸማቾች ማኅበር፣ ከዚያም ስልኩ ውስጥ ሌሎች ሻጮች አሉት።

ፒያሳ የሚያስተምረን

አራዳ የገበያ አገር ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ዋናውን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወዳለበት ከማዛወሩ በፊት፣ የከተማዋ ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ነበር። አትክልት ተራም እዚያው ፒያሳ አካባቢ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ገበያ ቦታ ይለውጣል፤ ገዢውን በፍጥነት የማስተናገድ ጥበብ ግን አይለወጥም።

ቡና አምራች ወንድሞቻችን የሚያውቁትን አንድ ቤት ልጥቀስ። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቶሞካ በፒያሳ ብዙ ትውልድ አስተናግዷል። እዚያ የሚገባ ሰው ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ይከፍላል፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ መቅጃው ይሄዳል፣ ቆሞ ይጠጣል፣ ይወጣል። ስምህ ማነው፣ ቤትህ የት ነው የሚል የለም። በሁለት እርምጃ ቡናው እጅ ይገባል፤ በጠባብ ቤት ብዙ ሰው የሚስተናገደውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው አስተማሪ የእትዬ ባለሱቅ ነው። ያ ሰው የዱቤ መዝገብ አለው። የደንበኛው ስም፣ የሚወስደው የጤፍ ዓይነት፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፍል ሁሉ እዚያ ተጽፏል፤ ካልተጻፈም በጭንቅላቱ ይዞታል። በመሆኑም ደንበኛው «እንደ ሁልጊዜው» ከማለት ሌላ የሚጠበቅበት ነገር የለም።

ይህን ስል የቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ታላቅ የሆነው የኢንተርኔት ሱቅ አማዞን እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ አንድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ፈጠራው የደንበኛውን አድራሻና የመክፈያ ዘዴ አስቀድሞ መዝግቦ ይዞ፣ በአንድ ጊዜ ንክኪ ብቻ እንዲገዛ ማድረግ ነበር። መብቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ ተከብሮለት ኖሯል፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። አሜሪካኖቹ የፈጠራ መብት ያወጡበት ነገር በሐሳቡ ከፒያሳው ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ብዙም አይርቅም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ጃረድ ስፑል የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ሱቅ ጽፎ ነበር። ሱቁ ገዢዎች ከመክፈላቸው በፊት እንዲመዘገቡ ያስገድድ ነበር። «ተመዝገብ» የሚለውን ቁልፍ አንሥተው «ቀጥል» በሚል ተኩት፤ ለመግዛት መመዝገብ እንደማያስፈልግም በአጭሩ ጻፉ። ግዢውን የፈጸሙ ደንበኞች ብዛት በ45 በመቶ ጨመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው ተጨማሪ ሽያጭም 300 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ዕቃው አልተለወጠም፤ ዋጋውም አልቀነሰም። የተነሣው አንድ ኬላ ነው።

ይህን ጉዳይ ለዓመታት ያጠና ቤይማርድ የሚባል የዴንማርክ ተቋም እንደሚያሳየው፣ በኢንተርኔት ዕቃ መርጠው ቅርጫት ውስጥ ከሚያስገቡ 100 ጊዜያት በአማካይ 70 በሚሆኑት ክፍያ ሳይፈጸም ይቀራል። ገና ዋጋ ለማየት ብቻ የገቡትን ትተን፣ ለመተው ከሚሰጡት ምክንያቶች ቀዳሚው በመጨረሻ ላይ የሚጨመር ወጪ ነው። የግዴታ ምዝገባና የረዘመ ሒደትም ከዋነኞቹ መካከል ናቸው። የእትዬን ገጠመኝ ብታስታውሱ ሦስቱም ነበሩበት።

ምን እናድርግ?

ከዚህ አኳያ አምስት ነገሮችን ለዩኒየኑ አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፣ ዋጋው ከነማጓጓዣው ገና ከመጀመሪያው ይነገር። ገዢው ስንት ኪሎ እንደሚፈልግና የትኛው ክፍለ ከተማ እንደሚኖር ብቻ ይምረጥ፤ ወዲያው «ቤትዎ ሲደርስ ይህን ያህል ብር» ይባል። በመጨረሻ ላይ ብቅ የሚል ወጪ፣ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ የተታለለ ያህል ያስቆጣል። ገበያ ላይ ሚዛን ከተነሣ በኋላ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ምዝገባው ከግዢው በኋላ ይሁን፤ እሱም ለፈለገ ብቻ። ከገዢው የምንፈልገው ስሙን፣ በፈለገው ፊደል፣ እንዲሁም የስልክ ቁጥሩን ነው። በአገራችን ሰው ኢሜይል ባይኖረውም ስልክ አለው። ደንበኛውን ለይቶ ለማወቅ የስልክ ቁጥሩ በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ አድራሻ እንደ አገራችን ልማድ ይጠየቅ። የፒያሳ ሰው ቤቱን ሲያመለክት «ከሰባ ደረጃ በላይ»፣ «ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ» ይላል እንጂ የፖስታ ኮድ አይናገርም። ስለዚህ አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ይሰጠው፤ የሰፈሩን ስምና የሚታወቅ ምልክት ይጻፍበት። የቀረውን አድራሹ ሰው ደውሎ ይጨርሰዋል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። ባለፉት ዓመታት ብዙ የከተማ ነዋሪ ከነባር ሰፈሩ ተነሥቷል። ቀደም ሲል የተመዘገበ አድራሻ ካለ ዝም ብሎ ወደዚያ ከመላክ፣ «ወደዚሁ ቦታ ይላክልዎት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህች አንዲት ጥያቄ አትበዛም፤ ጤፍ ጭኖ ፈርሶ ወዳለቀ ሰፈር የሚሄድ መኪና ይበዛል።

አራተኛ፣ ክፍያው እዚያው ስልኩ ላይ ይለቅ። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ኢትዮ ቴሌኮም ገልጿል። ሲቢኢ ብርና ሌሎችም አሉ። ሱቃችን ከነዚህ ጋር በቀጥታ ቢገናኝ የመክፈያ ጥያቄው በገዢው ስልክ ላይ ብቅ ይላል፤ የምሥጢር ቁጥሩን ያስገባል፤ ገንዘቡ መግባቱን ሰው ሳይሆን መሣሪያው ራሱ ያረጋግጣል። የደረሰኝ ፎቶ መላክ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ እስኪከፈት መጠበቅ የሚባል ነገር ይቀራል። ዕቃውን ሳያይ መክፈል ለሚፈራም ሲደርሰው እንዲከፍል ይፈቀድለት፤ ሲተማመን ራሱ መንገዱን ይለውጣል።

አምስተኛ፣ ተመልሶ ለመጣ ደንበኛ «እንደ ባለፈው» የሚል አንድ ቁልፍ ይኑር። ጤፍ በየወሩ የሚያልቅ ነገር ነው። ባለፈው 25 ኪሎ ሰርገኛ የወሰደ ሰው ዛሬም ያንኑ ሊፈልግ ይችላል። ይህ የዩኒየኑ የዱቤ መዝገብ ይሆናል ማለት ነው፤ ያለ ዱቤው።

በዚህ ላይ የኔትወርክ ነገር አለ። ፎቶዎቹ ከባድ ከሆኑ ገጹ ሳይከፈት ገዢው ይሰለቻል። መስመር መሐል ላይ ቢቋረጥም የመረጠው ዕቃ ጠፍቶ ከሀ እንዳይጀምር መደረግ አለበት። ገንዘቡ ተቆርጦ መልእክቱ ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከማስከፈል በፊት የመጀመሪያውን የሚያጣራ ሥርዓት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተቆረጠበት እሱ ብቻ አይቀርም፤ ዕድሩ ሁሉ ይሰማል።

የማይነካው

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላልና፣ መንገድ ማሳጠር ማለት ሁሉን መቁረጥ እንዳይመስለን። ገዢው ከመክፈሉ በፊት አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ የሚያይበት ቦታ የግድ ያስፈልጋል። የጤፉ ዓይነት፣ ነጭ ይሁን ሰርገኛ ወይም ቀይ፣ ኪሎው፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የሚደርስበት ቀን፣ ካልተስማማው የሚመልስበት ሁኔታ በአንድ ገጽ በግልጽ ተጽፎ «ልክ ነው» ማለት አለበት። ይህ ኬላ አይደለም፤ ሚዛን ነው። ኬላ ይነሣል፤ ሚዛን አይነሣም።

የሰው ስልክና አድራሻ ስንይዝም አደራ እንደያዝን እንቁጠረው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የማንፈልገውን መረጃ አለመጠየቅ መንገዱን ያሳጥራል፤ ከተጠያቂነትም ያድናል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለዚህ ዓይነቱ ሽያጭ ሕጋዊ መሠረት ስለሰጠም፣ «በወረቀት ካልሆነ አይታመንም» የሚለውን ሥጋት ቀስ በቀስ ልንተወው ይገባል።

መለካትም አይዘንጋ። ስንት ሰው ገጹን ከፈተ፣ ስንቱ ጤፍ መረጠ፣ ስንቱ አድራሻ ጻፈ፣ ስንቱ ከፈለ የሚለው በየሳምንቱ ይመዝገብ። ሰው በብዛት የሚመለስበት ቦታ ላይ ድንጋይ አለ ማለት ነው። ድንጋዩን አንድ በአንድ እናንሣ፤ አምስቱን ነገር በአንድ ቀን ብንለውጥ የትኛው እንደጠቀመ አናውቅም። እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከምዝገባው ነው፤ ወጪው አነስተኛ ነውና።

ለአባላትና ለአመራሮች

አንዳንድ አባላት «ይህ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ሊሉ ይችላሉ። የሚያገባችሁ በዚህ ነው። በጥርና በየካቲት እህል ሲገባ ዋጋ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ዩኒየኑ ከአባሉ በደህና ዋጋ ሊገዛ የሚችለው የገዛውን ቶሎ ሸጦ ገንዘቡን ማዞር ከቻለ ነው። ከተማ ላይ ሽያጭ ሲቀር መጋዘን ይሞላል፣ ገንዘብ ይያዛል፣ አባሉም ለማዳበሪያ ዕዳና ለልጆች ወጪ ሲል ለደላላ ለመሸጥ ይገደዳል። ስለዚህ በአንዲት እናት ስልክ ላይ የቆመ ግዢ መጨረሻው እዚህ አውድማ ላይ ይሰማል።

ደግሞም አጭር መንገድ ብቻውን አይበቃም። በሁለት ደቂቃ የተከፈለበት ጤፍ በሁለት ሳምንት ከደረሰ፣ ወይም አሸዋ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ገዢው ሁለተኛ አይመለስም። አበጥሮና ለይቶ ማስገባት የእናንተ የአባላት ድርሻ ነው። አዲስ አበባ ባለው መጋዘን በቂ ክምችት መያዝ የዩኒየኑ ድርሻ ነው።

ለተከበራችሁ የአካባቢ አመራሮችም አንድ ጥያቄ አለኝ። አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ገጹ ላይ የገቡት «ለሪፖርት ያስፈልጋል» ተብሎ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የገዢው ጾታ፣ ዕድሜና የሥራ ዓይነት በሪፖርት ላይ ቢያምርም ሽያጭ ያስቀራል። ሪፖርቱ ከሽያጭ መዝገቡ እንዲወጣ፣ ገዢው ግን በነጻ እንዲያልፍ ብትፈቅዱልን ትልቅ ድጋፍ አደረጋችሁልን ማለት ነው።

በመጨረሻም ስለ እትዬ ልንገራችሁ። ንግግር ላደርግ እዚህ እንደምመጣ ሲሰሙ፣ «ለገበሬዎቹ ሰላም በልልኝ፤ ጤፋቸውን ጠልቼ እንዳልተውኩት ንገራቸው» ብለውኛል። መልእክቱን አድርሻለሁ። ማኅበራቸው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይደርሳቸዋል። ያን ጊዜ ስልካቸውን ሲያነሡ «እንደ ሁልጊዜው» የሚሉት ለእናንተ እንዲሆን ከወዲሁ እንሥራ።